የደንገጎ ዘይት

ባለፈው ሰሞን መኪናዬን ጋራዥ አስገብቼ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ወጣቱ መካኒክ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና "እትዬ፣ ለካምቢዮው የቱን ዘይት ልጨምር?" አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን "አንተ ታውቃለህ" ብሎ ይገላገለው ነበር። እኔ ግን ተነሥቼ ቆርቆሮውን አስከፈትኩና አፍንጫዬን ደፋሁበት። ልጁ ሳቁን ዋጥ አደረገ። የተበላሸ ዕንቁላል የሚሸት፣ ድኝ የገባበት ወፍራም ዘይት ነው። "ይኼ ለዲፈረንሻሉ ነው፤ ለካምቢዮው አይሆንም። የመኪናውን መጽሐፍ አይተህ ና" አልኩት። ቅር እያለው ሄደ። ሽታው ግን አልለቀቀኝም፤ ያን ቀን ሙሉ ሐሳቤ ድሬዳዋ ዋለ። ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለው ግቢያችን፣ አባቴና አዴር ዑመር አንድ መኪና ለሁለት የያዙበት ዓመት፣ ሁሉም መጣብኝ።

አባቴ ወልዴ ይባላል። ሾፌሮች ግን "ወልዴ ደንገጎ" ነበር የሚሉት። ደንገጎ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሲኬድ የሚወጣው ጠመዝማዛ ዳገት ነው። አባቴ ጣልያን ጥሎት በሄደ ካሚዮን ያንን ዳገት በዝናብም በጭጋግም ሲመላለስበት ኖሯል። አንድ ጊዜ ፍሬኑ እምቢ ብሎት የተጫነ ካሚዮን በማርሽ ብቻ ይዞ አወረደ እየተባለ ይወራለት ነበር። ወሬውን ከማንም በላይ የሚወደው ራሱ ነው። እናቴ "ደንገጎን የፈጠረው እግዜር ነው፤ አንተ የፈጠርከው አስመሰልከው እኮ" ስትለው ይስቃል፤ አያስተባብልም።

አዴር ዑመር የሚኖረው በአንድ ግቢ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ነበር። አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው። ሚስቱን ኤዶ ፋጡማን እንደ አክስቴ፣ ልጃቸውን ሀዋን እንደ እኅቴ ሳይ ነው ያደግኩት። ሀዋና እኔ እኩያሞች ነን፤ ምሳ ከሁለቱ ቤቶች የቱ ቀድሞ ከደረሰ እዚያ ነበር የምንበላው። ዑመር የምድር ባቡር ሹም ለነበረ ለአንድ ፈረንሳዊ ሾፌር ሆኖ ብዙ ዘመን ሠርቷል። ፈረንሳዩ ወደ አገሩ ሲመለስ መኪናውን በርካሽ ሊተውለት ፈቀደ። ዑመር ብቻውን አልቻለውምና ከአባቴ ዘንድ መጥቶ "ያ ወልዴ፣ ግማሹ የኔ ግማሹ ያንተ። ሐረር እየተመላለስን እንብላባት" አለው። አባቴ የሚነዳው ካሚዮን ተሸጦ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠበት ጊዜ ስለነበር እግዜር የላከለት መሰለው።

መኪናዋ ግራጫ፣ ጀርባዋ ረዘም ያለ፣ ከኋላ ሁለት ረድፍ መቀመጫ ያላት የፈረንሳይ መኪና ነበረች። ፀሐይ ላይ ስትውል መቀመጫዋ ጭን ይልጣል። ከመስተዋቱ የዑመር መቁጠሪያ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ አባቴ የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕል ለጥፎበታል። ዓርብ ዑመር መስጊድ ስለሚሄድ ተራው የአባቴ ነው። እሑድና የክርስቲያን በዓል የዑመር። ሌላውን ቀን ይፈራረቃሉ፣ በጾም ጊዜም አንዱ ለሌላው ይደርስለታል። በዚህ አያያዝ መኪናዋ የዕረፍት ቀን የሚባል አልነበራትም። እኔና ሀዋ እስላም ናት ክርስቲያን ብለን ተቧጨርን። ኤዶ ፋጡማ መሀላችን ገብታ "ዓርብ ክርስቲያን ናት፣ እሑድ እስላም ናት፤ አሁን እጃችሁን ታጠቡና ብሉ" ብላ ገላገለችን።

አንድ ልዩነት ነበራቸው። ዑመር ሐረር የተዳረች ታላቅ እኅት ነበረችው፤ ስለዚህ በተራው ቀን አመሻሹ ላይ የመጨረሻዎቹን ተሳፋሪዎች ይዞ ይወጣና እኅቱ ዘንድ አድሮ፣ በማግስቱ በማለዳ ከሐረር ወደ ድሬ የሚወርዱትን ይጭናል። አባቴ ግን ከቤቱ ውጭ ማደር አይወድም ነበር። በእሱ ተራ መኪናዋ ድሬዳዋ አድራ ከድሬዳዋ ትነሣለች። ይኼ ተራ ነገር ኋላ ጣጣ ይዞ ይመጣል ብሎ ማን ያስባል?

ኅዳር ላይ ይመስለኛል፣ ማርሹ ያለበት የካምቢዮውና ከኋላ ጎማ የሚያዞረው የዲፈረንሻሉ ዘይት የሚቀየርበት ጊዜ ደረሰ። እኔና ሀዋ አንቀርም ብለን ተከተልናቸው። ሱቁ መጋላ፣ ገበያው ሰፈር ውስጥ ነው። ባለሱቁ አረብ ሁለት ቆርቆሮ ከፍቶ ሰጣቸውና ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብለው ይመረምሩ ጀመር። አንደኛው ቀጭን የሞተር ዘይት ነው፤ ማር የመሰለ፣ ይኼ ነው የሚባል ሽታም የሌለው። ሁለተኛው ጠቆር ያለ፣ ወፍራም፣ ሽታው ከሩቅ የሚያባርር። ሀዋ አፍንጫዋን በሻሿ ያዘች። እኔ ውስጡ የሞተ ነገር ያለ መስሎኝ በእንጨት ላማስለው ስል አባቴ እጄን መታ አደረገኝ።

"የዚች መኪና ካምቢዮ የሞተር ዘይት ነው የሚጠጣው" አለ ዑመር። "ወፍራሙ ከኋላ ለዲፈረንሻሉ ብቻ ነው። ፈረንሳዩ ጋ ሁሌም እንዲህ ነበር የምናደርገው።"

አባቴ በቀጭኑ ዘይት ጣቶቹን ነከረና አሸት አሸት አድርጎ አላቀቃቸው። ዘይቱ ወዲያው ተበጠሰ። ወፍራሙን ሲሞክር ዘይቱ በጣቶቹ መሀል ተለጠጠ። "አየህ፣ ይኼ ይይዛል። ያኛው ውሃ ነው።"

"ውሃ ሆኖ ነው እስከ ዛሬ የሄደው?"

"የት ሄደ? ከለገሃር ከዚራ፣ ከከዚራ ለገሃር፣ ሜዳ ለሜዳ! ፈረንሳይህ ደንገጎን አይቶታል? ሰባት ሰው ከነጓዙ ጭነህ በዚህ ሙቀት ያን ዳገት ስትወጣ ይኼ ቀጭን ነገር የማርሹ ጥርስ ላይ ይቆያል? ዘይቱን የመረጡለት ሰዎች በረዶ አገር ቁጭ ብለው ነው።"

"አቦ፣ መኪናዋን እኮ አውቃታለሁ።"

"ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው" አለ አባቴ እየሳቀ።

"ወሪያ! እኔስ ግማሽ ባለቤት አይደለሁ? ግማሽ ቡዳ በለኝ እንጂ!"

ባለሱቁ ሳይቀር ሳቀ። ዑመርም ሳቀ፣ ግን ዐይኑን ከቀጭኑ ዘይት ላይ አላነሣም ነበር። አባቴ በዕድሜ ይበልጠዋል፤ ደንገጎ ላይ መንዳት ያስተማረውም እሱ ነው። ዑመር ቀጭኑን ቆርቆሮ ወደ ባለሱቁ ገፋ አደረገና "እሺ። ደንገጎ ያንተ ነው። አንተ ካልክ ይሁን" አለው።

ዛሬ ሳስበው አባቴ የተናገረው ሁሉ ለሰሚው ልክ ይመስላል፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ ቆርቆሮ የማነሣ ይመስለኛል። የድሬዳዋ ሰው የሚፈራው ሙቀትን ነው። ከዳገቱ በላይ ብርድ መኖሩን የሚያስታውሰው ጋቢ ሲደርብ እንጂ ዘይት ሲገዛ አይደለም። የሚቆጨኝ ወፍራሙን መምረጡ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ከሰዓት በኋላ የደቻቱ ደረቅ አሸዋ ላይ ዛፍ ጥላ ሥር መኪናዋን አቆሟት። ከሥር የገባው ዑመር ራሱ ነው። የድሮውን ዘይት አፈሰሰና ያላመነበትን ወፍራም ዘይት በፓምፕ እስኪጠግብ ሞላው። ሲወጣ ጀርባው በላብና በአሸዋ ተለውሶ ነበር። መኪና ሁለት ሆድ እንዳለው ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ የፊተኛው ካምቢዮ፣ የኋለኛው ዲፈረንሻል። ሀዋ "ሁለቱም አንድ ዓይነት ካልበሉ ይቀናናሉ፤ አባትሽ ልክ ነው" አለችኝና ተስማማን። ኤዶ ፋጡማ ኮምጣጣው የሖመር ፍሬ የተዘፈዘፈበት ውሃ በማሰሮ ላከችልን። ሁለቱ አባቶቻችን በአንድ ጣሳ እየተቀባበሉ ጠጡ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ አማረ። ካምቢዮው ድምፁ ጠፋ፤ ዳገቱ ላይ የነበረው ጉርምርምታ ቀረ። አባቴ ሻይ ቤት ገብቶ "የደንገጎ ዘይት ጨመርንላት" እያለ ተኮፈሰ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? ደረቁ ወንዝ ድንገት ጎርፍ ሲያወርድ እያየን ያደግን እኛ የደቻቱ ልጆች ይኼን ተረት ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብን።

ብዙም ሳይቆይ ዑመር አንድ ረፋድ ከሐረር ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ገባ። "ያ ወልዴ፣ ጠዋት ላይ ማርሹ አይገባም። ድንጋይ ነው። ሁለተኛ ስከተው ይጮኻል።"

"በእኔ እጅ አይጮኽም" አለ አባቴ።

አልዋሸም። በእሱ እጅ አይጮኽም ነበር። እሱ የሚነሣው ከድሬዳዋ ሙቀት ነው፤ ሐረር እስኪደርስ ዘይቱ ሞቆ ይሟሟል። ዑመር ግን የሐረር ብርድ ሲያረጋው ያደረ ዘይት ነበር በማለዳ የሚጠብቀው። ይኼን ያን ጊዜ ማንም አላሰበውም። እኔ በበኩሌ መኪናዋ አባቴን ትወዳለች፣ አዴር ዑመርን ትጠላለች ብዬ ደመደምኩ። ለሀዋ ብነግራት ክንዴን ነከሰችኝ።

ታኅሣሥ ላይ የቁልቢ ገብርኤል በዓል ደረሰ። አባቴ በገብርኤል ቀን መሪ አይጨብጥም፤ ስለዚህ ደርሶ መልሱ የዑመር ሆነ። እናቴ፣ እኔ፣ አልቀርም ብላ ያለቀሰችው ሀዋ፣ ስለት ያለባቸው ሁለት ሴቶች፣ ደግሞም አባቴ ሻይ ቤት የሚያውቀው ተካ የሚባል የካሚዮን ሾፌር ተጫንን። አባቴ በገዛ መኪናው ተሳፋሪ ሆኖ ከፊት ከዑመር ጎን ተቀመጠ። ስንሄድ መንገዱ በሳቅ አለቀ። ቁልቢ አደርን። በበዓሉ ማግስት ማለዳ ልንመለስ ስንነሣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ የመኪናዋ መስታወት በጤዛ ተሸፍኗል፤ መንገዱ በሰው ተጨናንቋል።

ዑመር ሞተሩን አስነሣና ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ። ሁለተኛ ማርሽ ሊያስገባ ሲሞክር ከሥራችን ክርርር የሚል ድምፅ ወጣ። ነጠላ የለበሱ ሰዎች ደንግጠው ወደ ዳር ሸሹ።

"ፍሪሲዮኑን ርገጥ!" አለ አባቴ።

"ረግጫለሁ።"

"እስከ ታች ርገጥ!"

"ወላሂ ወለሉን ነክቷል።" ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ ጮኸ።

"ሰው እንዴት እንዲህ አድርጎ ማርሽ ያስገባል? ይኼን ነው ያስተማርኩህ?" ድምፁ ከመኪናው ውጭ ይሰማ ነበር።

ተካ ከኋላ "ዑመር፣ እህል ነው እንዴ የምትፈጨው?" አለ። ሴቶቹ ሳቁ። አባቴም ሳቀ። እኔም ሰው ሲስቅ አይቼ ሳቅሁ። ዑመር አልሳቀም፤ መንገዱን ብቻ እያየ ነዳ። ወደ ደንገጎ ወርደን ሙቀቱ ሲቀበለን ማርሹ እሺ ማለት ጀመረ። ያን ጊዜ አባቴ ትከሻውን መታ መታ አደረገና "አየህ፣ ስትጠነቀቅ ይገባል" አለው። ሀዋ ተሳፋሪ ሁሉ እስኪወርድ ድረስ ፊቷን ከእኔ ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሳምንቱ ሻይ ቤቱም፣ መኪና ማቆሚያውም "ዑመር ወፍጮ" ይል ጀመር። አንዱ ደንገጎ፣ አንዱ ወፍጮ! ዑመር የመጣበትን ስም ለመግፋት ሞከረ። ጥር ላይ ሁለቱ ግቢው መሀል ቆመው ሲነጋገሩ እኔና ሀዋ ከውሃው በርሜል ጀርባ ሆነን ሰማን። "ዘይቱን ቀይረን እንየው" አለ ዑመር። "አንድ ጊዜ ብቻ። ካልሆነ አፌን እይዛለሁ።"

"አንተ እጅህን ቀይር" አለው አባቴ።

ዑመር እጆቹን አገላብጦ አያቸውና ወደ ቤቱ ገባ። ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም መጥተው ቢለምኑ ነገሩ አልተጠገነም። ዑመር የድርሻውን ገንዘብ ወስዶ ወጣ፤ ከግቢውም ለቀቀና መጋላ ውስጥ ዘመዶቹ ዘንድ ገባ። ኤዶ ፋጡማ ምንጣፎቿን ጠቅልላ ጋሪ ላይ ስትጭን እናቴ በር ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር። መቁጠሪያው ከመስተዋቱ ወረደ። እኔ ይኼ ሁሉ የደረሰው አባቴ በገብርኤል በዓል ሰሞን ስለተቆጣ ነው፣ መልአኩ ተቀይሞን ነው ብዬ አመንኩ። ሀዋ ከተመለሰች ለቁልቢ ጃንጥላ አገባለሁ ብዬ ተሳልኩ። ከየት እንደማመጣው አላውቅም ነበር፤ ብቻ ትልቅ እንዲሆን፣ ዙሪያውን ዘርፍ እንዲኖረው አስቤ ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ ማርሹ በአባቴም እጅ ይጮኽ ጀመር። መጀመሪያ ዳገቱ ላይ፣ ቀጥሎ ሜዳው ላይ፣ በኋላ በጠራራ ፀሐይ ለገሃር ፊት ለፊት። ሰው እንዳይሰማበት በማለዳ ይወጣና ሻይ ቤቱ ከሞላ በኋላ በሌላ መንገድ ዞሮ ይገባ ነበር። ሲብስበት ከዚራ ወዳለው ሙሴ ያኒ ወደሚባል ግሪክ መካኒክ ወሰዳት። ምሳውን ይዤለት ስሄድ ሙሴ ያኒ ካምቢዮውን አውርዶ ከፍቶታል፤ አባቴ ባዶ ሣጥን ላይ ቁጭ ብሎ ያያል። ትሪ ላይ ማርሹ ያለ ጩኸት እንዲገባ የሚያደርጉት የናስ ቀለበቶች ተደርድረዋል፤ ጠቁረዋል፣ ጥርሳቸውም ተበልቷል። የመኪናዋ የጋብቻ ቀለበት መስሎኝ "ተፋታች እንዴ?" ብዬ ጠየቅሁ። ሙሴ ያኒ ሳቀ። አባቴ አልሳቀም።

ሙሴ ያኒ ጣቱን ዘይቱ ውስጥ ነክሮ አሸተተ። "ወልዴ፣ ይኼን እዚህ ያስገባው ማነው?" አለ። "ውስጡ ያለው ድኝ ናሱን ይበላል። ብርድ ላይ ደግሞ ይረጋል። ጠዋት ከሐረር የሚነሣ ሰው ምን ያድርግ? ማርሹ እንዴት ይገባለታል? ለዚህ መኪና የሞተር ዘይት ነው።"

"ከሐረር የሚነሣው ዑመር ነበር" አለ አባቴ። ለሙሴ ያኒ አይመስለኝም የተናገረው። ምሳውን ሳይነካ መለሰልኝ።

እኔ ናስ፣ ድኝ፣ ሐረር የሚሉትን ቃላት እንዳሉ ተሸክሜ እቤት አደረስኳቸው እንጂ ትርጉማቸው አልገባኝም። ለእናቴ ግን ገባት። ሙሴ ያኒ ቀለበቶቹን ለወጠ፣ ቀጭኑን ዘይት ሞላ። መኪናዋ ዳነች። አባቴ ለሻይ ቤቱ ሰዎች ምንም አልተናገረም።

ከፋሲካ በኋላ ኤዶ ፋጡማ ከወጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ግቢያችን መጣች። እናቴ ብታስገባት አልቀመጥ አለች፤ ቆማ ነው የተናገረችው። ዑመር ሥራ አላገኘም። መኪና ያለው ሁሉ "ወፍጮ" የሚለውን ሰምቷል። አሁን ግን መጋላ ሱቅ ያለው ሐጂ ዩሱፍ የሚባል ነጋዴ አዲስ መኪና ገዝቶ ሾፌር ይፈልጋል፣ ዑመርንም ይወደዋል። የመኪና ማቆሚያው ልማድ ደግሞ የታወቀ ነው። የቀድሞው ባልደረባ "እጁ ደህና ነው" ካላለ ማንም ለሾፌር ቁልፍ አይሰጥም። "ሐጂ፣ ‹ወልዴ አንድ ቃል ይበለኝ› ብሏል" አለች። "አንድ ቃል። ካልሆነ ሐሙስ በባቡር ጅቡቲ እንሄዳለን፤ ወንድሙ ወደብ ላይ ሸክም ያስገባዋል። የሱ ወገብ ሸክም ይችላል?"

ስትሄድ እናቴ አባቴን "ሰማህ?" አለችው።

"ሰማሁ።"

"ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ" ብላ ጀመረችና ተረቱን ሳትጨርስ ተወችው። "ዘይቱ ነው ያጠፋው፣ የመረጥኩትም እኔ ነኝ በለው። ለሱም፣ ለሐጂም። ቁልፍህን አንሣና አሁኑኑ ሂድ።" እናቴ በእንዲህ ያለ ድምፅ ስትናገረው ሰምቼ አላውቅም። አባቴ ተነሣ፤ በቅርጫት ብርቱካን አስያዘችው፤ እኔንም አብሬ እንድሄድ ፈቀደችልኝ። የጃንጥላው ስለቴ ሊሠምርልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ዑመር ቤት ስንደርስ ሻንጣዎቹ ታስረው በር ሥር ተደርድረዋል። ሀዋ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ ልትጎትተኝ ስትል እናቷ "ተዪያት፣ እዚሁ ሁኑ" አለች። ሻይ መጣ። አባቴ ስለ ሙቀቱ ተናገረ። ዑመር ስለ ሙቀቱ መለሰ። አባቴ ስለ ብርቱካኑ ተናገረ። የሻይ ብርጭቆውን በጣቶቹ ሲያሽከረክር አየዋለሁ፤ ልክ ያን ቀን ዘይቱን እንዳሸው ነው።

"ያኒ ካምቢዮውን ከፈተው አሉ" አለ ዑመር በመጨረሻ።

"ከፈተው።"

"ምን አገኘ?"

ኤዶ ፋጡማ ከበሩ ጀርባ ቆማ ነበር፤ ጉርዷን ሰብስባ ስትጨብጥ አየሁ። አባቴ አፉን ከፈተ። ሊናገር ነበር፤ እስከ ዛሬ እምላለሁ፣ ቃሉ ጥርሱ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና "ያው… እርጅና ነው። መኪናዋ አርጅታለች" አለ።

ዑመር ረጅም ጊዜ አየው። ሾፌር ለሾፌር እንዲህ ያለ ነገር አይዋሽም። ሁለቱም ያውቃሉ። "እሺ" አለ። "መኪና ያረጃል።" ከዚያ እንደገና "ለሐጂ ግን ትነግረዋለህ?"

"እነግረዋለሁ። አሁን ስሄድ በዚያው በሱቁ በኩል ነው የማልፈው።"

"አላህ ይስጥልኝ።"

አባቴን እወደው ነበር፤ አሁንም ስሙ ሲነሣ ደስ ይለኛል። ግን ያንን ሻይ የጠጣበትን ከሰዓት በኋላ ባስታወስኩ ቁጥር ትከሻውን ይዤ ልወዘውዘው እፈልጋለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ሀዋን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋትም ያን ዕለት ነው፤ በር ላይ ቆማ የብርቱካን ልጣጭ ትወረውርብኝ ነበር፤ እኔም ነገ ትመጪ የለ አልኳት።

ዑመር ሊሸኘን ወጣ። መኪናዋን ሲያያት ፊቱ በራ፤ ጣራዋን በመዳፉ ደባበሳትና ወደ በሩ ተመለሰ። እዚያ ቆመ፤ ሾፌር የሚያውቀው መኪና ሲነሣ እንደሚያደርገው ድምፁን ለማዳመጥ አንገቱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ። አባቴ ሞተሩን አስነሣና አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ተንቀሳቀሰ።

መንገዱ ቀጥ ያለ ሜዳ ነበር። ማንም ሾፌር ሦስተኛው ቤት ጋ ሳይደርስ ሁለተኛ ማርሽ ያስገባል። አባቴ አላስገባም። ሞተሩ ጮኸ፤ ፍየሎች ተበተኑ፤ ደጅ የተቀመጡ ሴቶች ጆሯቸውን ያዙ። መኪናዋ ትንቀጠቀጥ ጀመር። እጁ የማርሹ ዘንግ ላይ ነው፤ ግን አይንቀሳቀስም።

"አባባ፣ ሁለተኛ አስገባ እንጂ!" አልኩት። እኔ እንኳ ይኼን አውቅ ነበር።

ግንባሩ በላብ ተጥለቅልቋል። ወደ ኋላ ዞሬ ሳይ አዴር ዑመር ለስንብት አንሥቶት የነበረውን እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። አባቴ ለምን እንደማይቀይር እኔ አልገባኝም፤ አዴር ዑመር ግን ገብቶታል። ካምቢዮው ድኖ፣ ማርሹ ያለ ድምፅ ሲገባ ዑመር እንዳይሰማ ነበር።

በዚያው አንደኛ ማርሽ እየጮኽን ማዕዘኑን ዞርን። የሐጂ ዩሱፍ ሱቅ እዚያው ነው፤ ክፍት ነበር። ሐጂ ደጃፉ ላይ ወንበሩን አውጥቶ ተቀምጧል። መኪናችንን ሲያይ መፋቂያውን ከአፉ አወጣና ብድግ አለ። አባቴ ያን ጊዜ ፍሪሲዮኑን ረገጠና ሁለተኛ አስገባ፤ ምንም ድምፅ አልነበረውም። ጭንቅላቱን ነቅነቅ አድርጎ ሐጂን ሰላም አለው። ሐጂ እጁን ዘርግቶ ሁለት እርምጃ ወደ መንገዱ ወጣ። ሳንቆም አለፍነው፤ ሦስተኛውም ያለ ድምፅ ገባ።